ከአስፋልቱ ማዶ፦ የጎብዬና የቆቦ ሜዳ የብስክሌት መንገዶች

ለብስክሌት ጉዞ የሚመረጥ የጠጠር መንገድ መኪና የማይበዛበት፣ ጎማ የሚይዝ ጠንካራ ገጽ ያለውና ከአንዱ ሰፈር ተነስቶ ሌላው ሰፈር የሚያደርስ መንገድ ነው። በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከጎብዬ ተነስቶ በሮቢትና በቆቦ በኩል ወደ ሰሜን በሚዘረጋው ሜዳ ላይ እንዲህ ያሉ መንገዶች ሞልተዋል። ለብስክሌት ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ የብስክሌት ምልክትም አልተተከለባቸውም። ገበሬው ወደ ማሳው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ነጋዴው ወደ ገበያ፣ እረኛው ወደ ውሃ የሚሄድባቸው የቀበሌ መንገዶች፣ የመስኖ ቦይ ዳሮችና የከብት መንጃዎች ናቸው። ሌሎች አገሮች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚሠሩትን ከመኪና የራቀ መንገድ የራያ ሰው በእግሩና በከብቱ ኮቴ ሲያበጀው ኖሯል። የጎደለው ማወቅ፣ መጠገንና ምልክት ማድረግ ነው።

የመንገዶቹን ጠባይ የሚወስነው የመሬቱ አፈጣጠር ነው። የራያ ቆቦ ሜዳ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ መሬት ተሰንጥቆ በሰመጠበት ስፍራ የተፈጠረ ረባዳ ነው። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር ቆላ ይለዩታል። መካከሉ ለጥ ያለ ነው፤ ቆቦ ከተማ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደጋው የሚወርዱት ሆርማት፣ ጎሊናና ሌሎች ወንዞች በየክረምቱ ድንጋይ፣ አሸዋና ደለል እያመጡ ሜዳውን ሞልተውታል። ጎርፍ ጉልበቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚጥለው ከባዱን ነው። ስለዚህ በተራራው ግርጌ ድንጋይና ጠጠር ይበዛል፤ ወረድ ሲሉ አሸዋማ አፈር ይመጣል፤ ወደ ሜዳው መሃል ሲገቡ ደግሞ ደቃቅ ደለልና ጥቁር ዋልካ ይገኛል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው በአንድ ጠዋት ይህን ሁሉ የአፈር ዓይነት በጎማው ሥር ሊያልፈው ይችላል።

መኪናው ሁሉ በአንድ መስመር ላይ የተከማቸው ከታሪክ የተነሣ ነው። አዲስ አበባን በደሴና በወልድያ በኩል ከመቐለና ከአስመራ ጋር የሚያገናኘውን ጎዳና ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ ለመኪና አድርጎ ሠራው። ከዚያ ወዲህ የሜዳው ከተሞች ፊታቸውን ወደዚያ መስመር አዙረው አደጉ። ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ ዛሬም በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ከተሞች ናቸው። ቆቦ ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ጎብዬ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ የሚተላለፈው በዚሁ መስመር ነው። ጋሪው፣ ከብቱና እግረኛው ከሲኖትራኩ ጋር የሚጋፋውም እዚያው ላይ ነው። ለብስክሌት ነጂ ይህ ጎዳና አይመከርም። ከአስፋልቱ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ገባ ሲሉ ግን የሞተር ድምፅ ይጠፋና የሰው ድምፅ መሰማት ይጀምራል።

ወደ ውስጥ የሚገቡት መንገዶች ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ከመኪና በፊት የነበሩ የእግርና የጭነት መንገዶች ናቸው። ሌሎቹ በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ወዲህ የመጡ ናቸው። የፕሮግራሙ ዓላማ የአገሪቱን ቀበሌዎች ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ከዋናው መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር። በዚህ መልክ የሚሠራ የቀበሌ መንገድ ገና ሲነደፍ በቀን ጥቂት መኪና እንደሚያልፍበት ታስቦ ነው። በየመንገዱ ላይ የገበያ ቀን ሰው የጫነ አይሱዙ፣ በአዝመራ ጊዜ እህል የሚያወጣ መኪና፣ አልፎ አልፎም ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ይታያል። በተረፈው ጊዜ መንገዱ የእግረኛና የእንስሳ ነው። እዚህ «ከመኪና ነፃ» የሚባለው መኪና የተከለከለበትን ሳይሆን መኪና የማይፈልገውን መንገድ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት የመስኖው መንገድ ነው። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሜዳው ላይ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ፓምፕ ተተክሎ፣ ውሃው በቧንቧና በቦይ ወደ ማሳ እንዲደርስ ተደርጓል። ጉድጓድ ባለበት ፓምፑን የሚጠግን ሰው፣ ማዳበሪያና ምርት የሚያመላልስ ጋሪ ይኖራል፤ እነሱ የሚሄዱበት ጥርጊያም አብሮ ይፈጠራል። ጥርጊያው ከማሳ ማሳ ስለሚያደርስ ደልዳላ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚለማበት ወቅት ለምለም መሃል ያሳልፋል። ይሁንና ሁሉም መውጫ አይኖረውም፤ ጉድጓዱ ላይ ደርሶ የሚያበቃ ሊሆን ይችላል። በማያውቁት የመስኖ መንገድ ከመግባት በፊት ማሳው ላይ ያለውን ሰው «ይህ መንገድ ያወጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት ያተርፋል።

ስለ መንገዱ ገጽ ሰፋ አድርጎ መናገር ተገቢ ነው፤ በጠጠር መንገድ ላይ የጉዞውን ምቾትም አደጋውንም የሚወስነው እሱ ነውና። ጥሩ የጠጠር ንጣፍ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ትልቅና ትንሽ ጠጠር፣ በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ አሸዋ፣ ሁሉንም አያይዞ የሚያስቀር ጥቂት ሸክላ አፈር በልክ ተደባልቀው፣ ውሃ ተርከፍክፎባቸው ሲጠቀጠቁ ነው መንገድ የሚሆኑት። ሸክላው ካነሰ ጠጠሩ ይበተንና ጎማ ያንሸራትታል። ሸክላው ከበዛ ዝናብ ሲነካው ይላቁጣል። መሃሉ ትንሽ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ ካልተሠራ ደግሞ ውሃ መንገዱ ላይ ይተኛና ጉድጓድ ይቆፍራል። አንድ የቀበሌ መንገድ የሚበላሸው ከጭነት ይልቅ በውሃ ነው። ስለዚህ ከክረምት በፊት የዳር ቦዮችን መጥረግ አዲስ ጠጠር ከማልበስ ይቀድማል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው።

መኪና የሚበዛባቸውን ኮረኮንች መንገዶች የሚያውቅ ሰው እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበውን ገጽ አይረሳውም። መሸብሸቡ የሚመጣው ከፍጥነት ነው። ጎማ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ትንሽ ጉብታ ያነጥረዋል፤ ሲወድቅ አፈሩን ይገፋና ቀጣዩን ጉብታ ይሠራል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ደግሞ ያንኑ ያጠነክረዋል። ሰው፣ አህያና ግመል በሚሄዱበት ፍጥነት ይህ አይፈጠርም። መኪና የማይደርስበት መንገድ ግሬደር ባያየውም ለብስክሌት የሚመቸው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ኮቴና እግር ለዓመታት የደበደበው ቀጭን መስመር ከሁሉ የተሻለው መነጃ ነው። ልምድ ያለው ነጂ ሰፊው ንጣፍ ላይ ሳይሆን በዳር በኩል ባለችው የእግረኛ መስመር ላይ ሲነዳ የሚታየውም ለዚሁ ነው።

ዋልካው ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ ደርቆ ይጠነክራል፤ ጎማ ሳይሰምጥ በፍጥነት ይሄዳል። ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ሲገጥም ቀጭን ጎማ ይይዝና ነጂውን ይጥላል። ዝናብ ሲዘንብ ያው መሬት ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ጭቃው በጎማውና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩ ከመዞር ይቆማል። ያን ጊዜ መግፋትም አይቻልም፤ ብስክሌቱን መሸከም ነው ያለው። ከጠንካራ ዝናብ በኋላ መሃል ሜዳው ላይ ከመግባት ፀሐይ መሬቱን እስክታደርቀው ድረስ በተራራው ግርጌ ባለው ጠጠራማ መሬት ላይ መንዳት ይሻላል። ጠጠሩ ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልጉት ወንዞቹ ናቸው። በበጋ ብዙዎቹ የወንዝ መሻገሪያዎች ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ብቻ ናቸው። አሸዋ ላይ መሪን ጠምዝዞ መታገል አያዋጣም፤ ቀለል ያለ ማርሽ አስገብቶ፣ ክብደትን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሳያቋርጡ ፔዳል መምታት ወይም ወርዶ መግፋት ነው። በክረምት ግን ነገሩ ከድካም ያልፋል። ሜዳው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ በግዳን ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በድንገት ይደርሳል። ደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ስለሚመጣ ጉልበት የማይሞላ የሚመስለው ውሃ ሰውን ይወስዳል። የአካባቢው ሰው ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ እንግዳውም መጠበቅ አለበት። ጎርፉ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ይጎድላል።

ይኸው ጎርፍ ለገበሬው ሲሳይ ነው። የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ወንዙ ሲሞላ በአፈርና በቅርንጫፍ በተሠራ መከላከያ ውሃውን ወደ ቦይ መልሶ፣ ከቦይ ወደ ማሳ ያሰራጨዋል። የማሽላው ምርት በዝናቡ ብቻ አይወሰንም፤ ጎርፉ በጊዜው ተጠልፎ መሬቱ ጠጥቶ ማደሩም ይወስነዋል። ታዲያ ቦዮቹ መንገድ ማቋረጣቸው አይቀርም። ትናንት ደህና የነበረ መንገድ ዛሬ በአካፋ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። ይህ የመንገድ ብልሽት ሳይሆን የሥራ ወቅት ነው። ነጂው ወርዶ ብስክሌቱን አንሥቶ ይሻገራል፤ የቦዩን አፋፍ በጎማ ማፍረስ ግን የሰው እህል ማበላሸት ነው።

አካባቢው በዓመት ሁለት ዝናብ ያገኛል። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሚመጣና የማያስተማምን ነው። ዋናው ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ይጠነክራል። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ለረጅም ጉዞ የሚስማማው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ መንገዱ ደርቋል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ አየሩ በርዷል። በነሐሴ አጋማሽ ማለፊያ የሚከበረው ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ ከሚባሉት ጋር አንድ የሆነው የልጃገረዶች በዓል፣ ደግሞ መንገዶቹ በዘፈንና በአዲስ ልብስ የሚሞሉበት ወቅት ነው። ጭቃው ስለሚከብድ በዚያ ሰሞን ብስክሌት ይዞ ሩቅ መሄድ አይቻልም፤ ከተማ አጠገብ ባለ ጠጠር መንገድ አጭር ዙር ማድረግ ግን ይቻላል።

በጥቅምት የሚነዳ ሰው የማሽላውን ቁመት ልብ ማለት አለበት። የራያ ማሽላ ሰውን በቁመት ይበልጣል፤ መንገዱን በሁለት በኩል ስለሚያጥረው ከመታጠፊያው ማዶ ያለው አይታይም። ከአገዳው መሃል ድንገት ልጅ ወይም ጥጃ ሊወጣ ይችላል። መታጠፊያ ላይ ደወል መደወልና ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጨዳው ሲገባ እይታው ይከፈታል፤ በዚያ ፈንታ አገዳ የጫነ ግመልና ጋሪ መንገዱን ይሞላዋል። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብት ወደ ቃርሚያው ይለቀቃል፤ መንገድና ማሳ ለጊዜው ይቀላቀላሉ።

የጉዞ መስመሮቹን በሦስት አቅጣጫ ማሰብ ይቻላል። ቀላሉ ከአስፋልቱ ጎን ለጎን በሜዳው ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄደው ነው። ከጎብዬ ወደ ሜዳው ገብቶ፣ በቀበሌ መንገዶችና በማሳ ዳር ጥርጊያዎች ወደ ሮቢት፣ ከዚያም ወደ ቆቦ ማቅናት ለጀማሪ ይሆናል። ከፍታው ብዙ አይለዋወጥም፤ ነጂው ቢደክመው ወይም ጎማው ቢፈነዳ ወደ ምዕራብ ታጥፎ አስፋልቱን ያገኛል። በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር መሄድ ለመካከለኛ ነጂ በቂ ፍጥነት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ እስከ 4 ሰዓት ብዙ መንገድ ይሸፍናል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ነው። መጀመሪያ ሜዳውን ማቋረጥ አለ፤ ቀጥሎ ተራራው ይጀምርና መንገዱ ድንጋያማና አቀበታማ ይሆናል። ከላይ ሲታይ በአንድ በኩል የራያ ሜዳ በማሳ ተከፋፍሎ፣ በሌላ በኩል የአፋር ቆላ ወደ ታች እየወረደ ይታያል። በውበት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከባዱም እሱ ነው። ጥላ ጥቂት ነው፤ ውሃ በየመንገዱ አይገኝም፤ ስልክ በየቦታው ላይሠራ ይችላል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳይዙ፣ ለብቻም ሆኖ፣ ባይሞከር ይመረጣል።

ሦስተኛው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግዳን ደጋ የሚወጣው ነው። ከማሽላ አገር ተነስቶ ገብስ አገር የሚያደርስ ረጅም አቀበት ስለሆነ ለሠለጠነ እግር ብቻ ነው። የአገሪቱ ብስክሌተኞች ሥልጠና ለመሥራት ቢመጡ የሚፈልጉት ግን ይህንኑ ነው፤ በአጭር ርቀት ከ1,500 ሜትር ተነስቶ ከፍ ያለ አየር ውስጥ የሚያስገባ መውጫ።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ብስክሌት ነጂው እንግዳ መሆኑን መርሳት የለበትም። ከፊት የሚመጣ የከብት መንጋ ሲያገኝ መቆም ያለበት እሱ ነው። ግመል በዝምታ ከኋላ የሚቀርበውን መንኮራኩር ይደነግጥበታል፤ ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ፣ ግመል ነጂው እስኪያሳልፍ ጠብቆ፣ በሰፊው ዞሮ ማለፍ ያስፈልጋል። በደረቅ ጊዜ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ምሥራቃዊ ጠርዝ ሲጠጉ የውሃ ነጥቦች ይጨናነቃሉ፤ እዚያ እንስሳው ይቀድማል። ሰላምታ ደግሞ የመንገዱ ሕግ ነው። ሽማግሌ ሲያገኙ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ «እንዴት ዋሉ?» ማለት፣ ሲመቸውም ወርዶ ማነጋገር መንገድ ያስጠይቃል፤ ውሃ ያስገኛል፤ ቤትም ያስገባል።

ስለ ብስክሌቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በውጭ አገር ለጠጠር መንገድ ተብለው የሚሠሩት ብስክሌቶች መሪያቸው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማቸው ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ማርሻቸው ለአቀበት የሚቀል ነው። ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ለራያ ሜዳም የግድ አይደሉም። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የሚሸጠው ተራ የተራራ ብስክሌት ሰፊ ጎማ ስላለው ሥራውን ይሠራል። ዋናው ነገር ጎማው እስኪወጠር አለመንፋት ነው፤ ትንሽ የላላ ጎማ ጠጠሩን ይይዛል፣ ንዝረቱንም ይቀንሳል። የግራርና የቁርቁራ እሾህ ግን ምሕረት የለውም። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ መንፊያና ሰንሰለት መቀጠያ ሳይዙ ከከተማ መውጣት ስህተት ነው። በአስፋልቱ ላይ ያሉት ከተሞች ጎሚስታ ስላላቸው የባጃጅ ጎማ የሚለጥፈው ሰው የብስክሌቱንም ይለጥፋል። ውሃ በሙቀት ጊዜ ለአንድ ሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ታስቦ ይያዛል። የራስ መከላከያ ቆብ ሁልጊዜ ይደረጋል።

ኢትዮጵያ ከብስክሌት ጋር ያላት ዝምድና ከሚታሰበው በላይ ሩቅ ነው። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ከሯጮቿ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድሩ ተሳትፈዋል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የመቐለው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳርና ሐዋሳም ሜዳማ በመሆናቸው ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ የሆነባቸው ከተሞች ናቸው። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መንገዶች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ሲዘጉ ቆይተዋል። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ትኩረቱ ግን በአመዛኙ ከተማ ላይ ነው። ገጠሩ የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል የሚኖርበትና መኪና የሌለው መንገድ የሞላበት ሆኖ ሳለ ከብስክሌት ዕቅድ ውጭ መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

በሌላው ዓለም የጠጠር መንገድ ጉዞ ባለፉት 20 ዓመታት ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በኤምፖሪያ ከተማ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ውድድር ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጂዎችን ወደ አንዲት የእርሻ ከተማ ያመጣል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የጠጠር መንገድ ዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ አካሂዷል። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አገልግሎት ያቆሙ የባቡር መስመሮችን ለእግረኛና ለብስክሌት ቀይራለች። ለራያ የቀረበው ምሳሌ ግን ኬንያ ነው። በማሳይ ማራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው የአራት ቀን ውድድር የሚካሄደው ከብት አርቢዎችና የዱር እንስሳት በሚጠቀሙበት የአፈርና የጠጠር መንገድ ላይ ነው። አዲስ መንገድ አልተሠራለትም። የምሥራቅ አፍሪካ ነጂዎች ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከመጡት ጋር በሜዳቸው እንዲወዳደሩ አስችሏል።

ውድድርና እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ግን መንገዱ የሚያስፈልገው ለነዋሪው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ በከተማ ስለሚገኝ የገጠር ልጅ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል፤ ርቀቱ ሲበዛ መጀመሪያ የምትቀረው ልጅቷ ናት። በሕንድ የቢሃር ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሰጥቷል። ካርቲክ ሙራሊዳራንና ኒሺት ፕራካሽ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ውጤቱን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ በዕድሜያቸው ሁለተኛ ደረጃ የገቡ ልጃገረዶች ቁጥር በ32 በመቶ ማደጉን አሳይተዋል። ጥቅሙ የጎላው ከትምህርት ቤት በሚርቁ መንደሮች ነው። የራያ ሜዳ እንደ ቢሃር ለጥ ያለ ነው። በእግር ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ብስክሌት ከአንድ ሰዓት በታች ያደርገዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ልጅቷ ከሲኖትራክ ጋር ሳትጋፋ የምትደርስበት መስመር ነው፤ እሱ ደግሞ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ባለሙያውም በዚያው መስመር ይጠቀማሉ።

እንግዳ ለማስተናገድም ሰሜን ወሎ የራሱ ልምድ አለው። በመቄት ወረዳ መቋት ማርያም ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በማኅበረሰቡ የሚተዳደሩ የእንግዳ ማረፊያዎች ተከፍተዋል። እንግዳው በእግሩ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭናል፤ ምግቡን የመንደሩ ሰዎች ያዘጋጃሉ፤ ገቢው ለማኅበረሰቡ ይሆናል። ይህ አሠራር በብስክሌት ለሚመጣ ሰው ሳይለወጥ ይሠራል። ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ ከአስፋልቱ ላይ መሆናቸው ደግሞ ብስክሌትን በአውቶቡስ ጭኖ አምጥቶ እዚያው ጉዞ ለመጀመር ያስችላል። መንደር ላይ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ንጹሕ ክፍል፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የማሽላ እንጀራና ቡና ከተገኘ ለብስክሌተኛ ሌላ አያስፈልገውም።

አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነት ተጎድቷል። ቆቦና አካባቢዋ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የውጊያ ስፍራ ነበሩ፤ ሰው ሞቷል፣ ንብረት ወድሟል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንቀሳቀስን አክብዷል። ስለዚህ ማንኛውም ጉዞ ከቀበሌው አስተዳደርና ከነዋሪው ወቅታዊ መረጃ ሳይወሰድ አይታሰብም። ውጊያ ባለፈበት ምድር ሰው ከሚመላለስበት መስመር ወጥቶ መንዳት፣ መሬት ላይ የተገኘን ብረት መንካት ፈጽሞ አይገባም። ከሰላም በፊት ስለ ቱሪስት ማውራት ቀዳሚ ሊሆን አይችልም፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱበትን መንገድ መጠበቅ ግን በማንኛውም ጊዜ ቀዳሚ ነው።

ወረዳው ሥራውን ለመጀመር አዲስ መንገድ መቁረጥ የለበትም። ከጎብዬ እስከ ቆቦ በሜዳው ላይ ያሉትን ጥርጊያዎች ከየቀበሌው ሽማግሌዎችና ከውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት ጋር ሆኖ መለየት፣ ቦይ በሚያቋርጣቸው ቦታዎች ለብስክሌትና ለጋሪ የምትበቃ የድንጋይ መሻገሪያ ማስቀመጥ፣ የዳር ቦዮችን ከሰኔ በፊት ማስጠረግ፣ በየመገንጠያው ድንጋይ ላይ በቀለም አቅጣጫና ርቀት መጻፍ ይበቃል። ይህ በአንድ በጋ ተጀምሮ በዚያው በጋ የሚያልቅ ሥራ ነው።